የኮሌጅ ድረ ገጽ አዘገጃጀትና የኮሙኒኬሽን ሥራ፦ የአርባ ምንጭን አካባቢ ምሳሌ በማድረግ የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

አንድ የትምህርት ተቋም ከኅብረተሰቡ ጋር የሚገናኘው በመማሪያ ክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም። ተማሪው ወደ ግቢው ከመግባቱ፣ ወላጅም ልጁን ስንቅ አሲዞ ከመላኩ አስቀድሞ ስለ ተቋሙ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ምዝገባው መቼ ይጀመራል? የትኞቹ ማስረጃዎች ይቀርባሉ? ክፍያ አለ ወይስ የለም? መኝታና ምግብስ ይሰጣል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መስጠት ለብዙ ዘመን የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የደብዳቤና የሬዲዮ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ ከእነዚህ በተጨማሪ የኮሌጁ ድረ ገጽ አመልካቹ በስልኩ የሚያንኳኳው በር ሆኗል።

ጉዳዩ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም በጋሞ ዞን ከቀምባ፣ ከቦንኬ ወይም ከዲታ ወረዳ ተነሥቶ ወደ አርባ ምንጭ የሚመጣ አመልካች የመኪና ሒሳብ ከፍሎ፣ የሥራ ቀኑን አጥፍቶ፣ አንዳንዴም በከተማው አድሮ መሆኑን ላስተዋለ ሰው ነገሩ ክብደት አለው። በሰሌዳ ላይ የተለጠፈን አንድ ገጽ ለማንበብ ብቻ ይህን ሁሉ ያወጣል። የምዝገባው ቀን ካለፈ በኋላ ከደረሰ ደግሞ የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የአንድ ዓመት ትምህርቱን ነው። ስለዚህ ዘግይቶ የወጣ፣ በስልክ ሊከፈት ያልቻለ ወይም ቀኑ በውል የማይታወቅ ማስታወቂያ የሚያስከትለው ጉዳት ከቢሮ ጉድለት ያለፈ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኮሌጅ ድረ ገጽና የኮሙኒኬሽን ሥራ በምን ዓይነት አኳኋን ቢደራጅ ለተጠቃሚው እንደሚበጅ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ማብራራት ነው። ዋናው ሐሳቡም የሚከተለው ነው። ድረ ገጽ ማዘጋጀት በቅድሚያ የማስተማር ሥራ ነው፤ የኮምፒዩተር ሥራ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ሥርዓተ ትምህርት የሚያዘጋጅ ሰው ራሱን የሚጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች፣ ማለትም ለማን? ምን? በምን ዓይነት አቀራረብ? መድረሱስ በምን ይታወቃል? የሚሉት፣ ለድረ ገጽም ሳይለወጡ ያገለግላሉ።

1. የድረ ገጽ አጀማመርና ለኮሌጅ ያለው ጥቅም

ዛሬ በዓለም የተዘረጋው የድረ ገጽ ሥርዓት የተወጠነው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ ሰርን ተብሎ በሚጠራው፣ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ማእከል ሲሠራ አንድ ችግር አስተዋለ። ተመራማሪዎች ለጥቂት ዓመታት ሠርተው ይሄዳሉ፤ ሲሄዱም የሚያውቁት አብሮ ይሄዳል፤ በጽሑፍ የቀረውም ቢሆን የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ይጠፋል። ለዚህ መፍትሔ ይሆን ዘንድ አንዱ ጽሑፍ ከሌላው ጋር በማያያዣ የሚተሳሰርበትን ሥርዓት ሐሳብ አቀረበ። ማእከሉም እ.ኤ.አ. በ1993 ሥርዓቱን ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ፈቀደ።

ከዚህ ታሪክ እንደምንረዳው ድረ ገጽ ሲጀመር የተፈለገው ለጌጥ ሳይሆን በሰው መቀያየር ምክንያት የሚጠፋውን ዕውቀት ለማቆየት ነው። ይህ ችግር ለኮሌጆቻችን እንግዳ አይደለም። ሬጅስትራሩ ሲዛወር የምዝገባው ሥርዓት፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊው ሲለወጥ የኮርሶቹ ዝርዝር ፋይል ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። አዲሱ ሹም ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ባለጉዳዩም ከቢሮ ቢሮ ይመላለሳል።

በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ መስጠት የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን አማካይነት ነው። ያን ጊዜ የዛሬው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር። ኢንስቲትዩቱ በ1979 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጓል። በአንድ ግቢ የተጀመረው ተቋም ዛሬ ከዋናው ግቢ ሌላ ዓባያ፣ ጫሞ፣ ኩልፎ፣ ነጭ ሣርና ሳውላ የሚባሉ ግቢዎች አሉት። ስሞቹ ከሐይቅ፣ ከወንዝ፣ ከሜዳና ከከተማ የተወሰዱ በመሆናቸው ለአካባቢው ሰው ግልጽ ናቸው። ከሩቅ አገር ለመጣ አዲስ ተማሪ ግን «ጫሞ» ሐይቁ ይሁን ግቢው፣ «ሳውላ» በአርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ ይሁን በጎፋ ዞን የሚገኝ ሌላ ከተማ፣ ካልተነገረው በቀር የሚያውቅበት መንገድ የለም። ተቋም በሰፋ ቁጥር ቀድሞ በቃል ይነገር የነበረው ሁሉ በጽሑፍ መቀመጥ ይኖርበታል።

2. ለማን? የአንባቢው ማንነትና ሁኔታ

በብዙ ተቋማት ድረ ገጽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚታየው የሕንፃ ፎቶግራፍ፣ የበላይ ኃላፊው መልእክት፣ የተቋሙ ራእይና ተልእኮ እንዲሁም የስብሰባ ዜና ነው። እነዚህ ነገሮች የራሳቸው ቦታ አላቸው። ይሁን እንጂ ተቋሙ ስለ ራሱ ሊናገር የሚፈልገውን እንጂ አንባቢው ሊጠይቅ የመጣውን አይመልሱም። ወደ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ድረ ገጽ የሚመጡት አንባቢዎች በአምስት ሊመደቡ ይችላሉ።

ሀ/ አመልካች፦ የመግቢያ መስፈርቱን፣ የምዝገባውን ቀንና የሚቀርቡትን ማስረጃዎች ይፈልጋል።

ለ/ በትምህርት ላይ ያለ ሠልጣኝ፦ የትምህርት ዘመኑን የጊዜ ሰሌዳ፣ የፈተና ቀንና የኮርስ ዝርዝር ይፈልጋል።

ሐ/ ወላጅ፦ ወጪውን፣ የመኖሪያውን ሁኔታና የሚጠየቅ ሰው አድራሻ ማወቅ ይፈልጋል።

መ/ ትምህርት ቤቶችና የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች፦ የልምምድ ትምህርት መርሐ ግብርን፣ የክረምት ሥልጠናንና የምሩቃንን ጉዳይ ይከታተላሉ።

ሠ/ ቀድሞ የተመረቀ መምህር፦ በሩቅ ትምህርት ቤት ሆኖ የትምህርት ማስረጃውን የሚያገኝበትን መንገድ ይጠይቃል።

ከአምስቱ መካከል ለተቋሙ ፈጽሞ እንግዳ የሆኑት አመልካቹና ወላጁ ናቸው። ሠልጣኙ ጓደኛውን መጠየቅ ይችላል፤ ጽሕፈት ቤቱም ስልክ ይደውላል። እነዚህ ሁለቱ ግን የሚያውቁት ሰው የላቸውም። ስለሆነም የመጀመሪያው ገጽ በቅድሚያ ለእነርሱ ሊዘጋጅ ይገባል። ለመምህር ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የትምህርት ዝግጅት የሚጀመረው ተማሪው ካለበት ቦታ መሆኑ የታወቀ ነው።

አንባቢው የሚያነብበትም መሣሪያ መታሰብ አለበት። ገጹን የሚያዘጋጀው ባለሙያ በሰፊ የኮምፒዩተር መስኮት ላይ፣ በግቢው የኢንተርኔት መስመር ይሠራል። አንባቢው ግን በአብዛኛው በትንሽ ስልክ፣ በገንዘቡ በገዛው የዳታ ጥቅል፣ የኔትወርኩ ኃይል ከፍና ዝቅ በሚልበት ቦታ ሆኖ ይከፍተዋል። በቢሮ ያማረው ገጽ በጨንቻ ተራራ ላይ ላይከፈት ይችላል።

3. ቋንቋና ፊደል

ብዙ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ድረ ገጾች በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ። እንግሊዝኛ የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ በመሆኑ ለኮርስ ዝርዝርና ለምርምር ሥራ ተገቢ ነው። ለምዝገባ ማስታወቂያ ግን ብቻውን አይበቃም። ወላጅ የሚያነበው አማርኛ ወይም ጋሞኛ ነው፤ ጭራሽ ማንበብ የማይችልም አለ። በዞኑ ከጋሞኛ ሌላ የዘይሴና የጊዲቾ ሕዝቦች ቋንቋዎችም ይነገራሉ። ጋሞኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ በማንኛውም ስልክ ያለ ችግር ይነበባል። ማንበብ ለማይችለውም የማስታወቂያውን ፍሬ ሐሳብ አንድ የቋንቋ መምህር በአንድ ደቂቃ ድምፅ ቀርጾ ቢያቀርበው ከአንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ባነሰ የዳታ ወጪ ሊደመጥ ይችላል።

ቋንቋ ሲመረጥ አንባቢው የእኔ ነው የሚለው መሆን እንዳለበት በአካባቢው ከባድ ዋጋ የተከፈለበት ትምህርት አለ። በ1991 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አዋሕዶ «ወጋጎዳ» በሚል ስያሜ የመማሪያ መጻሕፍትን ለማዘጋጀት የተደረገው ሙከራ በተለይ በወላይታ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ቀርቷል። ቋንቋዎቹ እርስ በርስ የሚቀራረቡ መሆናቸው አላዳነውም። ከቢሮ የወጣ ጽሑፍ፣ ለማዘጋጀት የቱንም ያህል ቀላል ቢሆን፣ አንባቢው ራሱን ካላየበት ተቀባይነት አያገኝም።

የፊደሉም ጉዳይ ሊዘነጋ አይገባም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ አስቀድሞ በአገራችን ይሠራባቸው የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አመዳደብ ነበራቸው። በመሆኑም በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈው ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል። በቢሮዎች የቆዩ ፋይሎች ዛሬም በዚህ መልክ ይገኛሉ። እንዲህ ያለውን ፋይል ወደ ዩኒኮድ ሳይለውጡ በድረ ገጽ ላይ ማውጣት የተቆለፈ ሣጥን ያለ ቁልፍ እንደ መስጠት ነው።

ሌላው የፊደል ችግር ፍለጋን ይመለከታል። ሰው «ሥልጠና»ንና «ስልጠና»ን፣ «ፀሐይ»ንና «ጸሀይ»ን አንድ አድርጎ ያነባል። ተራው የኮምፒዩተር ፍለጋ ግን የተለያዩ ቃላት አድርጎ ሊቆጥራቸው ይችላል። የከተማችን ስም ራሱ «አርባ ምንጭ» እየተባለ በሁለት ቃል፣ «አርባምንጭ» እየተባለም በአንድ ቃል ይጻፋል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም እንዲሁ ከአንድ በላይ መልክ አለው። ኮሌጁ አንድ የአጻጻፍ ሥርዓት መርጦ በሁሉም ገጾች ላይ ቢጠብቅና የተለመዱትን ሌሎች አጻጻፎች በአንድ ቦታ ቢያመለክት ፈላጊው ባዶ እጁን አይመለስም።

4. ቀንና ሰዓት

በአገራችን ሁለት የዘመን አቆጣጠርና ሁለት የሰዓት አቆጣጠር ጎን ለጎን ይሠራባቸዋል። በቃል ስንነጋገር ይህ አያስቸግርም። በድረ ገጽ ላይ ሲሆን ግን አሳሳች ነው። ለምሳሌ ያህል «10/02/2017» ተብሎ የተጻፈውን ቀን እንውሰድ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቢነበብ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2017 ይሆናል። በአሜሪካውያን ልማድ ወር አስቀድሞ ለሚያነብ ደግሞ ኦክቶበር 2 ቀን 2017 ነው። አንዱ ቁጥር ሦስት ቀን ሆነ ማለት ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ምዝገባው በ3 ሰዓት ይጀመራል» የሚለው በአገራችን አቆጣጠር ከሆነ ጠዋት ነው፤ በሌላው አቆጣጠር ከሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፤ ዕለቱ ይጠቀስ፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው ይጨመር፤ ከሰዓቱም ጋር ጠዋት፣ ከቀኑ ወይም ከምሽቱ የሚለው ቃል አይለይ። «ሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈ ማስታወቂያ ማንንም አያሳስትም።

5. ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍና ማኅተም

የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው። ማስታወቂያው ይጻፋል፤ ይታተማል፤ ይፈረምበታል፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ ከዚያም በስልክ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ወይም በስካነር ተቀድቶ በኢንተርኔት ይለቀቃል። የዚህ አሠራር ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሕዝቡ የሚያምነው ማኅተም ያለበትን ወረቀት ነው። ሆኖም ዘዴው ሦስት ጉዳት አለው።

አንደኛው የክብደት ጉዳት ነው። በዛሬው የኮምፒዩተር አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ሁለት ሺህ ፊደል ያለው ማስታወቂያ ከ6 ኪሎባይት አይበልጥም ማለት ነው። የዚያው ማስታወቂያ ፎቶግራፍ 4 ሜጋባይት ቢሆን ከ600 በላይ እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎችን ሊይዝ የሚችል መጠን ይወስዳል። ይህን የሚከፍለው አንባቢው ነው።

ሁለተኛው የፍለጋ ጉዳት ነው። በፎቶግራፍ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ለፈላጊው ፕሮግራም በአብዛኛው እንደሌለ ይቆጠራል። ማስታወቂያው ወጥቶ ሳለ ፈላጊው «የለም» የሚል መልስ ያገኛል።

ሦስተኛው ዓይነ ስውራንን የሚመለከት ነው። ማየት የተሳናቸው ሠልጣኞችና መምህራን ስልካቸው ጽሑፉን በድምፅ እያነበበላቸው ይጠቀማሉ። ፎቶግራፍ ሲሆን ግን ፕሮግራሙ የሚያነበው አያገኝም። ዓይናቸው ደከም ላለውም ቢሆን የፊደሉ ቀለም ከመደቡ በሚገባ መለየት አለበት። የዓለም አቀፉ የድር ኮንሶርቲየም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ መሠረት ለመደበኛ ጽሑፍ የሚፈለገው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 ነው። በቢጫ መደብ ላይ የተጻፈ ነጭ ፊደል፣ በሐይቅ ፎቶግራፍ ላይ የተደረበ ሰማያዊ ጽሑፍ ከዚህ ልክ በታች ነው።

ታዲያ ማኅተሙ ይቅር ማለት ነውን? አይደለም። ማስታወቂያው በገጹ ላይ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ማኅተም ያለበት ቅጂ ደግሞ ለሚፈልገው ሰው ከሥሩ ይያያዝ። በድረ ገጽ ላይ ግን የማኅተምን ዋና ሥራ የሚሠራው አድራሻው መሆኑን ሕዝቡን ማስተማር ያስፈልጋል። በአገራችን የትምህርት ተቋማት አድራሻ «ኢዱ ነጥብ ኢቲ» በሚለው ይጨርሳል። የማኅተም ምስል ማንም ሊቀዳው ይችላል፤ ይህን አድራሻ ግን ያልተፈቀደለት ሰው በቀላሉ አያገኘውም።

6. ምንጭና ጅረት

ዛሬ ብዙዎቹ ተቋማት ማስታወቂያቸውን የሚያወጡት በፌስቡክና በቴሌግራም ነው። ሕዝቡ ያለው በዚያ ስለሆነ መጠቀማቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን የእነዚህን ጠባይ ማወቅ ይገባል። በእነርሱ ላይ የወጣ ነገር እንደ ጅረት ውሃ ያልፋል። የምዝገባው ማስታወቂያ ሰኞ ወጥቶ፣ ማክሰኞ የስፖርት ውድድር፣ ረቡዕ የጽዳት ዘመቻ፣ ሐሙስ የእንግዳ አቀባበል ዜና ቢከተለው በሳምንቱ መጨረሻ የገባ አንባቢ አያገኘውም። ማስታወቂያው ቢሻሻልም አሮጌው ቅጂ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ይኖራል።

ድረ ገጽ በአንጻሩ ምንጭ ነው። ቦታው አይለወጥም፤ የሚፈልገው ሰው በፈለገ ጊዜ ወርዶ ይቀዳል። ስለዚህ ሁለቱን ማፎካከር ሳይሆን ማያያዝ ይበጃል። ሙሉው ማስታወቂያ በድረ ገጹ ላይ ይቀመጥ፤ በፌስቡክና በቴሌግራም የሚወጣው አጭር ማሳሰቢያና ወደ ድረ ገጹ የሚወስድ ማያያዣ ይሁን። ለውጥ ሲኖር በአንድ ቦታ ይታረማል፤ የታረመበትም ቀን ይጻፋል። በተቋማት ስም ሐሰተኛ ገጽ ከፍተው ከአመልካቾች ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች ባሉበት ጊዜ፣ እውነቱን ማረጋገጫ አንድ የታወቀ ቦታ መኖሩ ራሱ ጥበቃ ነው።

የሰሌዳው፣ የሬዲዮውና የገበያው ማስታወቂያም አይቋረጥ። ስልክ የሌለው ሰው ዛሬም ብዙ ነው።

7. መልእክት ከመሣሪያ እንደሚቀድም

የመገናኛ ኃይል በመሣሪያው ዘመናዊነት ብቻ እንደማይለካ የጋሞ ምድር ራሱ ምስክር ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የደረሰውን ጥቃት ተከትሎ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል በተነሡ ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። ድርጊቱ በፎቶግራፍ በአገሪቱ ሁሉ ተሠራጭቷል። ይሁን እንጂ መልእክቱ ሥራውን የሠራው ከፎቶግራፉ በፊት ነው። ተናጋሪዎቹ የታወቁና የታመኑ ነበሩ፤ ምልክቱን ተቀባዩ ያውቀዋል፤ የተነገረውም በሚያስፈልግበት ሰዓትና ቦታ ነው።

በጋሞ ደጋ «ዱቡሻ» የሚባለው የአደባባይ ሸንጎም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በዱቡሻ ነገር በሁሉ ፊት ይቀርባል፤ ይጠየቃል፤ ይመለሳል። መልስ የማይሰጥበት ዱቡሻ የለም። የኮሌጅ ድረ ገጽም የስልክ ቁጥርና የመልእክት መቀበያ አስቀምጦ የሚያነሣና የሚመልስ ሰው ካልመደበ ግማሽ ሥራ ነው። ከተጠየቁት መካከል በተደጋጋሚ የሚመጡትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በገጹ ላይ ማስፈር ቀጣዩን ጠያቂ ከድካም ያድነዋል።

8. የሥራ ክፍፍልና ሕጋዊ ኃላፊነት

ድረ ገጽ የሚበላሸው በአብዛኛው በአሠራር ጉድለት ሳይሆን በባለቤት ማጣት ነው። ሲመረቅ ብዙ እጅ ይረባረብበታል፤ ከዓመት በኋላ የቆየው ዜና አዲስ ተብሎ እንደ ተቀመጠ ይገኛል። ስለሆነም የሚከተለው ክፍፍል ቢደረግ ይመረጣል። ቀንና መስፈርት የሚሰጠው ሬጅስትራሩ ነው። የኮርስ ዝርዝር የሚያቀርቡት የትምህርት ክፍሎች ናቸው። ጽሑፉን በግልጽ ቋንቋ የሚያዘጋጀው የኮሙኒኬሽን ባለሙያው ከቋንቋ መምህራን ጋር ሆኖ ነው። በገጹ ላይ የሚያወጣውና ቴክኒኩን የሚጠብቀው የኮምፒዩተር ባለሙያው ነው። እያንዳንዱ ገጽ የባለቤቱን ክፍል ስምና ዳግም የሚታይበትን ቀን ይይዛል። የይለፍ ቃሎች በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይቀመጡም፤ ሰውየው ሲዛወር ገጹ አብሮ እንዳይዘጋ ነው።

ሕጉም መታወቅ አለበት። የብዙኃን መገናኛና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመረጃ ነፃነትን በሚመለከተው ክፍሉ የመንግሥት አካላት ስለ ሥራቸው መረጃ ሳይጠየቁ ጭምር እንዲያወጡ ያዝዛል። ስለዚህ ድረ ገጽ ለሕዝብ የሚደረግ ችሮታ ሳይሆን ግዴታን መወጫ መንገድ ነው። በሌላ በኩል የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎች የግል መረጃ በዘፈቀደ እንዳይወጣ ይጠብቃል። የሠልጣኞችን ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና ውጤት በአንድ ዝርዝር አድርጎ ለዓለም መልቀቅ በሰሌዳ ከመለጠፍ ጋር አንድ አይደለም። ከሰሌዳ የተለጠፈው ይነቀላል፤ በኢንተርኔት የወጣው ግን ተቀድቶ ይቀራል። ውጤት ለባለቤቱ ብቻ በሚታይ መንገድ ሊሰጥ ይገባል።

9. መድረሱ በምን ይታወቃል?

መምህር ትምህርቱ መግባቱን በጥያቄ እንደሚያረጋግጥ ሁሉ የድረ ገጽ አዘጋጅም መፈተን አለበት። የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳስረዳው፣ አምስት ያህል ሰዎችን ብቻ በማስሞከር አብዛኛዎቹን ጉድለቶች ማግኘት ይቻላል። በኮሌጅ ይህ ወጪ የለውም። ገጹን አይተው የማያውቁ አምስት አዲስ ሠልጣኞች በየራሳቸው ስልክ እንዲከፍቱት ይደረግ። ምዝገባው መቼ ያበቃል? ምን ማስረጃ ይቀርባል? የትኛው ግቢ ይሄዳሉ? ለማን ይደወላል? ያለፈው ዓመት የጊዜ ሰሌዳ የት ይገኛል? ተብለው ይጠየቁ። አዘጋጁ ከጎናቸው ሆኖ ሳይናገርና ሳይጠቁም ይመልከት። የተሳሳቱበትን ቦታ ይመዝግብ፤ የፈጀባቸውን ጊዜ ይቁጠር። ሠልጣኙ ካላገኘው ጥፋቱ የሠልጣኙ አይደለም፤ የገጹ ነው።

10. የመምህራን ማሠልጠኛ ልዩ ድርሻ

የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ከሌሎች ተቋማት ይልቅ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። የቋንቋ መምህራን፣ የሥነ ትምህርት መምህራንና የኮምፒዩተር መምህራን በአንድ ግቢ ይገኛሉ። ሠልጣኞቹም ከየወረዳው የመጡ ስለሆኑ የአንባቢውን ቋንቋና ኑሮ ያውቃሉ። ለዚህ አዲስ ኮርስ መክፈት አያስፈልግም። በቋንቋ ኮርስ ውስጥ እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ማስታወቂያ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ይጻፍ፤ በኮምፒዩተር ኮርስ በዩኒኮድ አስፍሮ ክብደቱን ይለካ፤ በልምምድ ትምህርት ጊዜም ለአንድ ወላጅ አንብቦ ምን እንደገባው ይጠይቅ። ይህ ሠልጣኝ ነገ ርእሰ መምህር ሲሆን ለወላጆች የሚጽፈው ማስታወቂያ የተለየ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረውን ለዕቅድ አውጪዎች በአጭሩ ለማቅረብ ያህል፣ የሚከተሉት ነጥቦች ቢታሰብባቸው መልካም ነው።

1ኛ/ ድረ ገጽ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ፕሮጀክት ተደርጎ አይያዝ፤ በየዓመቱ በጀትና የሰው ኃይል ይመደብለት።

2ኛ/ የመጀመሪያው ገጽ ለአመልካቹና ለወላጁ ጥያቄዎች ይዋል።

3ኛ/ ማስታወቂያ ሁሉ በዩኒኮድ ጽሑፍ፣ ሙሉ ቀንና ሰዓት ተጠቅሶ፣ በሚነበብ ቋንቋ ይውጣ።

4ኛ/ የእያንዳንዱ ገጽ ባለቤትና ዳግም የሚታይበት ቀን ይታወቅ።

5ኛ/ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ገጹ በአዲስ ሠልጣኞች ይፈተን።

ከአምስቱ መካከል ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቁት ትጋትና የአንባቢውን ቦታ ማሰብን ነው። በቢሮ ግማሽ ሰዓት ወስዶ ቀኑን አጣርቶ፣ ቋንቋውን አስተካክሎ፣ ጽሑፉን አቅልሎ የሚያወጣ ሠራተኛ ለብዙ ቤተሰብ የመንገድ ወጪና የሥራ ቀን ያተርፋል። የኮሌጅ የኮሙኒኬሽን ሥራ ሊመዘን የሚገባውም በወጡት ዜናዎች ብዛት ሳይሆን፣ ስንት ሰው የሚፈልገውን መልስ ከቀዬው ሳይነሣ እንዳገኘ በመቁጠር ነው።